«ያለ ባዮፕሲ የጉበት ጠባሳ አይታወቅም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር በሄፓታይተስ ቢ ሕሙማንና በቤተሰቦቻቸው መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የቆየ አንድ ጽሑፍ አለ። አቅራቢው ስማቸውን ባይገልጹም የሕክምና ሙያ ያላቸው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ የጉበት ጠባሳ በትክክል የሚታወቀው በባዮፕሲ፣ ማለትም ከጉበት በመርፌ በሚወሰድ ቁራጭ ምርመራ ብቻ ነው፤ ከደም ምርመራ ተሰልቶ የሚገኘው ቁጥር ግምት ስለሆነ ሊታመን አይገባውም፤ ፋይብሮስካን የሚባለው መሣሪያም ጉበቱን ሳያይ ቁጥር የሚናገር ነው፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ጫት የማይቅም ጥቂት በመሆኑ ጉዳቱ ከቫይረሱ ይሁን ከሌላ ሳይለይ መድኃኒት መጀመር ስሕተት ነው፤ ስለዚህ የጉበት ኢንዛይሙና አልትራሳውንዱ ደህና የሆነለት ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ባዮፕሲ እስኪያሠራ ቢጠብቅ አይጎዳም፤ ጠባሳ አንዴ ከተፈጠረ ስለማይመለስም መቸኮሉ ትርፍ የለውም።

እኔ በድሬዳዋ በውስጥ ደዌ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ይህን ጽሑፍ በስልካቸው ይዘው የሚመጡ፣ መድኃኒት ጀምሩ ሲባሉም «ባዮፕሲ ሳላሠራ አልጀምርም» የሚሉ ሕሙማን ስላጋጠሙኝ ዝም ማለቱን አልመረጥኩም። የጸሐፊውን ቅን ሐሳብ አልጠራጠርም፤ ከተናገሩትም ውስጥ እኔም የምቀበለው ስላለ እርሱን በቦታው እገልጻለሁ። ይሁንና ከጽሑፉ መነሻ እስከ መድረሻው አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ታልፏል፤ ይኸውም የጠባሳውን መጠን የምንለካው ምን ለመወሰን ነው የሚለው ነው።

ቫይረሱ ለዓመታት በኖረበት ጉበት ውስጥ የማያቋርጠው መቆጣት ስቴሌት የተባሉትን የጉበት ሕዋሳት ኮላጅን እንዲያመርቱ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ኮላጅኑ እየተከማቸ ሲሄድ በመጀመሪያ ትናንሽ የጠባሳ ክሮች ይሠራል፣ ከዚያ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፣ በመጨረሻም ጉበቱ በጠባሳ ተከፋፍሎ ጉጥ በጉጥ ይሆንና ሲሮሲስ ይባላል። ሜታቪር የተባለው መለኪያ ይህንን ሂደት ከ0 እስከ 4 በደረጃ ያስቀምጠዋል። በሄፓታይተስ ሲ ጠባሳ ኖረም አልኖረም ሕክምናው ለሁሉም አዋቂ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ደረጃውን ማወቅ የሚጠቅመው በዋናነት ቫይረሱ ከጠፋም በኋላ ክትትል የሚያሻው ማን እንደሆነ ለመለየት ነው። በሄፓታይተስ ቢ ግን መድኃኒት ለመጀመር ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ጠባሳው ራሱ ነው። እዚህም ቢሆን ሐኪሙ ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ጠባሳው ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል ወይ? ሲሮሲስስ አለ ወይ? 2ን ከ3 መለየት ለተመራማሪ ትልቅ ጉዳይ ቢሆንም፣ ከፊታችን ለተቀመጠው ሰው የሚሰጠውን መድኃኒት አይለውጠውም። የመለኪያው ጥራት መመዘን ያለበት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ ባለው አቅም ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ባዮፕሲን እንደ መጨረሻ ዳኛ አድርገው አቅርበውታል። በመርፌ የሚወጣው ቁራጭ ግን ከጠቅላላው ጉበት 50,000ኛ ያህሉ ብቻ ነው። ጠባሳም በጉበቱ ውስጥ በእኩል አይሠራጭም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 124 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን በአንድ ጊዜ ከቀኙም ከግራውም የጉበት ክፍል ናሙና ተወስዶላቸው ነበር፤ ከሦስቱ በአንዱ ላይ የሁለቱ ናሙናዎች ውጤት ቢያንስ በአንድ ደረጃ ተለያይቶ ተገኝቷል። የናሙናው ርዝመት 25 ሚሊ ሜትር በሆነበት ጊዜ እንኳ ደረጃው በትክክል የሚታወቀው ከአራቱ በሦስቱ ገደማ ላይ ሲሆን፣ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚወጣው ናሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያጠረ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ባዮፕሲ ሕመም አለው፤ አልፎ አልፎ ደም ያስፈስሳል፤ እጅግ ጥቂት በሆነ ቁጥርም ቢሆን ሕይወት ያሳልፋል። ሆዱ ውኃ ለያዘ ወይም ደሙ በአግባቡ ለማይረጋ ሰው፣ ማለትም ውጤቱ ይበልጥ አስቸኳይ ለሆነበት ሕመምተኛ፣ በተለመደው መንገድ በቆዳ በኩል መርፌ ማስገባት አደገኛ ነው። ይህን የምለው ባዮፕሲን ለማጣጣል አይደለም። ጸሐፊው «ግምት» ብለው ከናቋቸው ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር ባዮፕሲም ራሱ የራሱ ስሕተት ያለው ግምት መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

አዲስ አበባ መሄድን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ከ1000 በላይ ሕሙማንን ሲመዘግብ የጠባሳቸውን መጠን የለካው በፋይብሮስካን ነበር። ጸሐፊው የድሬዳዋን ሰው አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ እንዲያገኘው የሚመክሩት ባዮፕሲ፣ በዚያም ቢሆን መድኃኒት ለመጀመር እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚጠየቅ አልነበረም።

ከሁሉ ይበልጥ ልቆይበት የምፈልገው ከደም ምርመራ የሚሰላው ቁጥር ላይ ነው፤ ምክንያቱም በድሬዳዋም ሆነ በሐረር፣ ከዚያም አልፎ በሐረርጌ ወረዳዎች በሚገኙ ሆስፒታሎች በቀላሉ ሊሠራ የሚችለው እርሱ ነው። አፕሪ የሚባለው ስሌት ሁለት ነገሮችን ብቻ ይፈልጋል፤ አንደኛው በብዙ የላብራቶሪ ወረቀቶች ኤስጂኦቲ ተብሎ የሚጻፈው ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም ሲሆን፣ ሁለተኛው በሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ውጤት ላይ የሚገኘው የፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዱት ሕዋሳት፣ ቁጥር ነው። ኤኤስቲው ለላብራቶሪው በተቀመጠው የጤናማ ሰው ከፍተኛ ወሰን ይካፈላል፤ የተገኘው በሺህ ለተቆጠረው ፕሌትሌት ይካፈልና በ100 ይባዛል። ለምሳሌ ኤኤስቲው 60፣ ወሰኑ 40፣ ፕሌትሌቱ 110 ሺህ የሆነ ሰው አፕሪው 1.36 ይሆናል ማለት ነው። ጠባሳው ሲበዛ ደም በጉበት ውስጥ እንደ ልብ ስለማያልፍ ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠውም ጣፊያ ፕሌትሌቶችን ይይዛል፤ የስሌቱ አመክንዮ ይህ ነው።

ጸሐፊው ይህ ስሌት «ሲሮሲስ ያለበትን ሰው ነፃ ነህ ብሎ ይሸኛል» ሲሉ ማስረጃ አላቸው፤ ማስረጃው ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለሲሮሲስ የተቀመጠው የአፕሪ ወሰን ከ2 በላይ የሚል ነበር። ከሰሃራ በታች ከሚገኙ አገሮች ከ3500 በላይ የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማንን መረጃ አሰባስቦ የተሠራ ጥናት፣ ይህ ወሰን ሲሮሲስ ካለባቸው ስድስት ሰዎች አንዱን ያህል ብቻ እንደሚይዝ አሳይቷል። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችም ከዚህ ጋር የሚስማሙ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ነገር ግን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያውን አሻሽሎ ወሰኑን ለሲሮሲስ ከ1 በላይ፣ ሕክምና ለሚያስፈልገው ጠባሳ ደግሞ ከ0.5 በላይ አድርጎታል። ከላይ በምሳሌ ያነሣሁት ሰው በቀድሞው ወሰን ወደ ቤቱ ይላክ ነበር፤ በአሁኑ ወሰን ግን ሲሮሲስ እንዳለበት ተቆጥሮ መድኃኒት ይጀምራል። ስለዚህ ጸሐፊው ያፈረሱት አሮጌውን ወሰን ነው፤ ስሌቱን ራሱን አላፈረሱትም።

አፕሪ በእርግጥ የሚዋሽበት ጊዜ አለ፤ የሚገርመው ግን ለእኛ ከተማ ይበልጥ የሚያሰጋው ውሸት ጸሐፊው ከጠቀሱት በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ በተባለችው ከተማ ለመድ ትንኝ የተስፋፋ ወባ ተከስቶባታል። ዴንጊ ፕሌትሌትን በጥቂት ቀናት ውስጥ ክፉኛ ያወርዳል፣ ኤኤስቲንም ከፍ ያደርጋል፤ ወባም ፕሌትሌትን ይቀንሳል። ጉበቱ ጤናማ የሆነ፣ ኤኤስቲው 30፣ ፕሌትሌቱ 220 ሺህ የነበረ ሰው አፕሪው 0.34 ነው። ይኸው ሰው በዴንጊ ተይዞ ኤኤስቲው 120 ቢደርስ፣ ፕሌትሌቱም ወደ 70 ሺህ ቢወርድ አፕሪው ከ4 ያልፋል። በጉበቱ ውስጥ አንድም የጠባሳ ክር አልተጨመረም። በትኩሳት ምክንያት መጥቶ በዚያው ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበት ሰው በዚያኑ ቀን ውጤት ሲሮሲስ አለብህ ቢባል ትልቅ በደል ነው፤ ትኩሳቱ አልፎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሙ እንደገና መታየት አለበት። ሳቢያንም ሆነ መጋላ የምትኖር እናት ልጇ በትኩሳት ሰሞን የተነገረውን ቁጥር ይዛ ስታለቅስ ከማየት፣ ምርመራውን መድገም ይሻላል።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ። ደም ሲቀዳ ቀይ ሕዋሳቱ ከፈረሱ ኤኤስቲ ያለ ጉበት ችግር ከፍ ይላል። ፕሌትሌቶች በናሙና ቱቦው ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው ሲቀሩ ማሽኑ ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣል፤ ያልተጠበቀ ዝቅተኛ ቁጥር ሲመጣ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ ይህንን ይፈታዋል። ከባድ የጉልበት ሥራም ኤኤስቲን ከጡንቻ ሊያወጣው ይችላል። ፊብ-4 የተባለው ሌላው ስሌት ደግሞ ዕድሜን ስለሚጨምር፣ በሕፃንነታቸው ቫይረሱ ይዟቸው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ጠባሳ የያዙ ወጣቶችን ዝቅ አድርጎ ይገምታል፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ወጣቶች ጥቂት ስላልሆኑ እኔ አፕሪን አስቀድማለሁ። ዝቅተኛ አፕሪም ቢሆን የነፃነት ወረቀት አይደለም፤ ምልክቱ፣ የቫይረሱ መጠንና የቤተሰብ የጉበት ካንሰር ታሪክ አብረው ይታያሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያመለክቱት አፕሪ የሚያሰላው ሰው ማሰብ እንዳለበት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ስሌቱን መጣል ግን ጸሐፊው የደረሱበት እንጂ ማስረጃው የሚያደርስበት ድምዳሜ አይደለም።

ፋይብሮስካንን በተመለከተ «ጉበቱን ሳያይ» የሚለው አነጋገር አሠራሩን አለማወቅ ነው። መሣሪያው በጎድን አጥንቶች መካከል ቀላል ንዝረት ወደ ጉበት ይልክና ንዝረቱ የሚጓዝበትን ፍጥነት በአልትራሳውንድ ይከታተላል፤ ሞገዱ በጠነከረ ጉበት ውስጥ ይፈጥናል፣ በለሰለሰው ውስጥ ይዘገያል። የሚለካው የጉበት ክፍል በባዮፕሲ ከሚወጣው ቁራጭ 100 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ውጤቱ በኪሎፓስካል ይነገራል፤ በ2024ቱ መመሪያ ከ7 በላይ ሕክምና የሚያስፈልገው ጠባሳ፣ ከ12.5 በላይ ደግሞ ሲሮሲስ እንዳለ ይወሰዳል፤ በአገራችን ሥራ ላይ ለሲሮሲስ ዝቅ ያለ፣ 9.9 የሚል ወሰንም ሲሠራበት ቆይቷል። አንባቢ ውጤቱን ሲቀበል ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ግን አሉ፤ ቢያንስ 10 የተሳኩ ልኬቶች ተወስደዋል ወይ? የልኬቶቹ መለያየት ከመካከለኛው ቁጥር ከ30 በመቶ አልበለጠም ወይ? ታካሚው ለሦስት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበላ ቆይቷል ወይ? ከድሬዳዋ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ቁርሱን በልቶ በቀጥታ ወደ ምርመራው የሚገባ ሰው፣ ምግቡ ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ሊመለስ ይችላል። ኤኤልቲ የተባለው ሌላው የጉበት ኢንዛይም በጣም በጨመረበት ሰሞን፣ የሐሞት መተላለፊያ ሲዘጋና በልብ ድካም ጉበት ደም ሲቋጥርም ቁጥሩ ያለ ጠባሳ ይወጣል። ሆዱ ውኃ በያዘ ሰው ላይ በተለመደው ፋይብሮስካን መለካት አይቻልም፤ ለእርሱ ግን ውኃው ራሱ መልሱን ስለሰጠ ብዙ ጊዜ መለኪያም አያስፈልገውም።

የቢልሃርዚያ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት፤ ጸሐፊው አልጠቀሱትም፣ ለምሥራቁ ሕዝብ ግን ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ ጠባሳ የሚሠራው ወደ ጉበት በሚገቡት ደም መላሾች ዙሪያ ስለሆነ፣ ሰውየው ጣፊያው አብጦ፣ በጉሮሮው ያሉት ደም መላሾች ተወጥረው፣ የፋይብሮስካኑ ቁጥር ግን እምብዛም ላይጨምር ይችላል። በሌላ በኩል ያበጠው ጣፊያ ፕሌትሌቱን ስለሚያወርድ አፕሪው ከፍ ይላል። ቢልሃርዚያ ባለበት ወንዝና መስኖ አጠገብ ላደገ ሰው ሁለቱ መለኪያዎች ሲጣሉ ባለሙያው በአልትራሳውንድ የደም መላሾቹን ዙሪያ በጥንቃቄ እንዲመለከት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኢንዛይሙና አልትራሳውንዱ ደህና የሆነለት ሰው ይጠብቅ የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው። ባዮፕሲ ካልሆነ አላምንም ያሉ ሰው፣ ለመጠበቅ ሲሆን ግን ከሁሉ ደካማ የሆኑትን ሁለት ምልክቶች በቂ ማስረጃ አድርገው መቀበላቸው አይገጥምም። አልትራሳውንድ የሚያሳየው የጉበቱ ገጽታ ከተጎረባበጠ፣ ጣፊያው ካበጠ ወይም ውኃ ከተጠራቀመ በኋላ ነው፤ ደረጃ 2 እና 3 ላይ ያለ ጉበት በአልትራሳውንድ ፍጹም ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ኤኤልቲም ቢሆን ሲሮሲስ ላይ የደረሰ ሰው መደበኛ ሊሆንለት ይችላል። በዚያ ላይ መደበኛ የሚባለው ቁጥር ራሱ አከራካሪ ነው፤ አዲሱ መመሪያ ለወንድ 30፣ ለሴት 19 የሚል ወሰን ሲያስቀምጥ፣ ብዙ የላብራቶሪ ወረቀቶች እስከ 40 ድረስ ያለውን ደህና ብለው ያልፉታል። ኤኤልቲዋ 34 የሆነ ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ የምትሄደው በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ጸሐፊው ጠንካራ ወደሆኑበት ነጥብ ደርሻለሁ። በሐረር ከተማ በሚገኙ ሆስፒታሎች በ150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሄፓታይተስ ቢ የተገኘባቸው ከሦስቱ አንድ ያህል ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ግን በተደረገው ምርመራ ምክንያቱ ሊገኝ አልቻለም። ከተመሳሳይ ሕሙማን የተገኘው ሌላው ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር መያያዙን፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ግንኙነቱ እንደሚጠነክር አሳይቷል። በሐረርጌ ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን አይቻልም፤ በበርጫ ላይ የሚውል ሕመምተኛዬን ስለ ጫቱ ሳልጠይቀው አላልፍም። አፕሪም ሆነ ፋይብሮስካን የጠባሳውን መጠን እንጂ ምክንያቱን አይነግሩንም። ስለዚህ ቫይረሱ በጣም አነስተኛ ሆኖ ሳለ ኢንዛይሙ ለወራት ከፍ ብሎ የሚቆይበት፣ ወይም ከቫይረሱ ሌላ የጉበት በሽታ የሚያጠራጥርበት ሰው ባዮፕሲ ሊያስፈልገው ይችላል፤ በዚህ ጸሐፊውን እደግፋለሁ።

ከዚህ ተነሥቶ «ምክንያቱ ሳይለይ መድኃኒት አይጀመር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲሮሲስ ያለበት ሰው የቫይረሱ መጠን ምንም ያህል ቢሆን መድኃኒት ይጀምራል። ይህ ሰው ጫትም ይቅም እንበል። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት የሆነው ቴኖፎቪር ጫቱ ያደረሰውን ጉዳት አይፈውስም፤ ቫይረሱ የሚጨምረውን ግን ያቆማል። ሁለት ምክንያት ያለው ጉበት ከአንደኛው እንዲያርፍ የሁለተኛው ማረጋገጫ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ጫቱን እንዲያቆም የሚሰጠው ምክርም ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

ጠባሳ አይመለስም የሚለውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መልሱ የመጣው ጸሐፊው ከሚያምኑበት ከባዮፕሲ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 348 የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ቴኖፎቪር ከመጀመራቸው በፊትና ከአምስት ዓመት በኋላ ባዮፕሲ ተሠርቶላቸው በግማሾቹ ላይ ጠባሳው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበራቸው 96 ሰዎች መካከል 74 በመቶዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሮሲስ አልተገኘባቸውም። መቸኮሉ ትርፍ አለው ማለት ነው።

የመጨረሻው፣ በጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ ያልተነሣው ጉዳይ የጉበት ካንሰር ክትትል ነው። ሲሮሲስ እንዳለበት በየትኛውም ዘዴ የታወቀ ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣት አለበት። አልትራሳውንድ እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቱን ጨርሶ ከቫይረሱ የዳነ ሰውም ሲሮሲስ ከነበረበት ከዚህ ክትትል አይወጣም፤ በሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ የፋይብሮስካኑ ቁጥር ከ15 ወደ 8 ቢወርድለት መድኃኒቱንም ሆነ ክትትሉን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ ቁጥሩ የሚወርደው በመጀመሪያ መቆጣቱ ስለሚበርድ ነው፣ ጠባሳው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ ይከተላል።